የሰርቪስ አርክቴክቸር እየነደፍኩ ነው፦ ስንት ሌየር ይበቃል?

ማዕዘን

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

የምሠራበት ድርጅት አራት ትልልቅ ሲስተሞች አሉት። የትዕዛዝ፣ የመጋዘን፣ የሒሳብ እና የደንበኞች። በተለያየ ጊዜ በተለያየ ቡድን የተሠሩ ናቸው። አሁን አንዱ የሌላውን ቴብል (የዳታ ሠንጠረዥ) በቀጥታ ያነባል። አንዳንዴም ይጽፍበታል። ደንበኛ አድራሻ ሲቀይር አንዱ ጋ ይስተካከላል፣ ሦስቱ ጋ አሮጌው ይቀራል። በቅርቡ ዕቃ ወደ ድሮው አድራሻ ሄዶ ደንበኛው ተቆጥቶ ደወለ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ አዲሱን አድራሻ ራሷ በትክክል መዝግባ ነበር። ምን ብላ ታስረዳው?

በቤቱ ያለሁት ብቸኛዋ አርክቴክት እኔ ስለሆንኩ በሰርቪስ ላይ የተመሠረተ ንድፍ እንዳዘጋጅ ተነገረኝ። ሰርቪስ ስል ሌሎች በጥሪ የሚጠቀሙበት፣ አንድ ሥራ የያዘ ክፍል ማለቴ ነው። ኦፕን ግሩፕ የተባለው የስታንዳርድ ድርጅት ያወጣውን የማጣቀሻ አርክቴክቸር አነበብኩና አምስት ሌየር (እርከን) ሣልኩ። ከላይ ተጠቃሚው የሚያየው ስክሪን። ከሥሩ የሥራ ሂደት። ከዚያ ሰርቪሶች። ከዚያ ሰርቪሶቹ የሚሠሩባቸው ኮምፖነንቶች። ከሁሉም በታች ነባሮቹ ሲስተሞች። በጎን ደግሞ ኢንቴግሬሽን፣ የአገልግሎት ጥራት፣ መረጃ እና አስተዳደር።

ስብሰባ ላይ አንድ ፕሮግራመር እጁን አወጣ። "የአንድ ዕቃ ቀሪ ብዛት ለማየት ለምንድን ነው በአምስቱም የማልፈው?" አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄው ከአእምሮዬ አልወጣም።

እና ስንት ሌየር ነው የሚበቃው? መዝለል ይፈቀዳል? መሃል ላይ ባስ (በሲስተሞች መካከል መልእክት የሚያመላልስ የጋራ መስመር) የግድ ነው? የደንበኛ ዳታ ባለቤትስ ማን ይሁን?

ድልድይ

ማዕዘን፣ ያ ልጅ ትልቅ ውለታ ነው የዋለልሽ።

የያዝሽው ንድፍ በሙሉ ሲቆጠር ዘጠኝ ሌየር ነው፤ አምስት አግድም፣ አራት ቁም። የተዘጋጀው ኃላፊነትን ለይቶ ለማሰብ ነው። ጥሪ ሁሉ በሁሉም ይለፍ የሚል ትእዛዝ የለውም። ሌየር ማለት ኮዱን በሐሳብ የምንከፍልበት መንገድ ነው። የትኛው ክፍል የትኛው ማሽን ላይ ይቀመጥ የሚለው ሌላ ውሳኔ ነው። ሁለቱ ሲምታቱ ስዕሉ ላይ ያለ እያንዳንዱ መስመር የኔትወርክ ጥሪ ይሆናል። ከዚያ ሁሉም ነገር ይንቀራፈፋል።

ሐሳቡ ራሱ አዲስ አይደለም። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1968 ኦፐሬቲንግ ሲስተም በእርከን ከፍሎ መሥራት እንደሚቻል ጽፏል። ሕጉ ያኔም አሁንም ያው ነው። የላይኛው የታችኛውን ይጠራል፤ የታችኛው ግን ማን እንደጠራው አያውቅም። የመጋዘን ሰርቪስሽ ውስጥ "ጥሪው ከሞባይል ከመጣ እንዲህ አድርግ" የሚል ኮድ ካገኘሽ ሌየሩ ፈርሷል ማለት ነው። ስዕሉ የፈለገውን ያህል ቢያምር።

ድንበር ሳሰምር የማየው የለውጥ ፍጥነትን ነው። ስክሪን በየሳምንቱ ይቀየራል። የሥራ ሂደት መመሪያ ሲቀየር ይቀየራል። "ትዕዛዝ ምንድን ነው፣ እስከ መቼ ይሰረዛል" የሚለው ደንብ ዓመታት ይቆያል። ነባሩን የሒሳብ ሲስተም ደግሞ ማንም መንካት አይፈልግም። ፍጥነታቸው የተለያየ ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ከተጣበቁ ፈጣኑ ዘገምተኛውን ይበጠብጠዋል። ድንበር የሚያስፈልገው እዚያ ጋ ነው።

ከዚያ እያንዳንዱን ሌየር እንዲህ ብለሽ ፈትኚው፦ "ይህን ባነሳው የትኛው ለውጥ ይከብደኛል?" መልስ ካጣሽ አንሺው። በ26 ዓመት ሥራዬ ብዙ ጊዜ ያየሁት ከላይ የመጣለትን ኦብጀክት ስሙን ቀይሮ ወደ ታች የሚያቀብል ሌየር ነው። አንድ ፊልድ ለመጨመር አራት ፋይል ይነካል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። የኮምፖነንት ሌየርሽ እንደዚያ እንዳይሆን እፈራለሁ። እሱ የሰርቪሱ የውስጥ ጉዳይ ነው፣ ሌላ ሰው ሊያየው አይገባም።

አዲስ_ገቢ

ይቅርታ፣ ምናልባት የጀማሪ ጥያቄ ይሆናል። ኤስኦኤ (በሰርቪስ ላይ የተመሠረተ አርክቴክቸር) ሞቷል ሲባል ነው የምሰማው። አሁን ማይክሮሰርቪስ (ሲስተምን ወደ ትንንሽ፣ ራሳቸውን የቻሉ ሰርቪሶች መክፈል) አይደል እንዴ?

ድልድይ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ኤስኦኤ የሚለው ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ጋርትነር ከተባለው የጥናት ድርጅት ተንታኞች ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በጥር 2009 የበርተን ግሩፕ ተንታኝ የነበሩት አን ቶማስ ማንስ ኤስኦኤ ሞቷል ብለው ጻፉ። ብዙ ሰው ያስታወሰው ርዕሱን ብቻ ነው። እሳቸው ግን ሰርቪስ አያስፈልግም አላሉም። የሞተው ስሙና በስሙ የተሸጠው ውድ ሶፍትዌር ነው፣ የሰርቪስ አስፈላጊነት እንዳለ ነው የሚል ነበር ክርክራቸው።

ማይክሮሰርቪስ እ.ኤ.አ. በ2014 በጄምስ ሉዊስና በማርቲን ፋውለር ጽሑፍ በሰፊው ሲታወቅ አንድ ነጥብ ጎልቶ ወጣ። ዕውቀቱ ሰርቪሶቹ ጋ ይሁን፣ መሃል ያለው መስመር ግን መልእክት ከማድረስ አይለፍ። ይህ ከባሱ ታሪክ የተወሰደ ትምህርት ነው። የማዕዘንን ጥያቄ በተመለከተ ግን ስሙ ለውጥ የለውም። ድንበሩ የት ነው፣ ዳታው የማን ነው፣ ሲበላሽ ምን ይሆናል የሚሉት ጥያቄዎች በሁለቱም ስም ሥር አሉ።

ሌሊት_ተረኛ

ባስ ከተነሳ እኔም የማካፍለው አለኝ። በፊት በነበርኩበት መሥሪያ ቤት አራት ዓመት ባሱን የማስተዳደረው እኔ ነበርኩ።

ሲጀመር የባሱ ሥራ ግልጽ ነበር። መልእክት ተቀብሎ ወደሚሄድበት መላክ፣ ፎርማት መቀየር። አንድ ቀን የቅናሽ ስሌት በአስቸኳይ ተፈለገ። የትዕዛዝ ቡድኑ ሥራ በዝቶበት ነበር። "ለጊዜው ባሱ ላይ እናድርገው" ተባለ። ለጊዜው የተባለው እዚያው ቀረ። ቀጥሎ የብድር ጣሪያ ማረጋገጫ መጣ። ቀጥሎ የአንድ ትልቅ ደንበኛ ልዩ አሠራር። መጨረሻ ላይ ዋጋ እንዴት እንደሚሰላ የሚያውቀው ባሱ ብቻ ሆነ፣ ባሱን የምናውቀው ደግሞ ሁለት ሰዎች ነበርን። አንድ ሌሊት ዋጋው በስህተት መውጣት ጀመረ። የትዕዛዝ ቡድኑ ኮዱን ደጋግሞ አየ፣ ምንም ስህተት የለበትም። ስህተቱ ማንም የማያየው ቦታ ነበር። እስኪነጋ ፈለግን። ያን ሌሊት መቼም አልረሳውም።

ስለዚህ ማዕዘን፣ የመልእክት ኪው (ወረፋ) ተጠቀሚ፣ ጌትዌይም (ጥሪ ከውጭ የሚገባበት በር) ይኑርሽ። መሃል ላይ ግን "ከሆነ" የሚል የሥራ ደንብ እንዳይገባ ከመጀመሪያው ቀን ተከራከሪ። አንዴ ከገባ አይወጣም።

ሁለተኛው ነገር ሂሳቡ ነው። አንድ ሰርቪስ 99.9 በመቶ ጊዜ ይሠራል እንበል። በዓመት ወደ 9 ሰዓት ገደማ ይቆማል ማለት ነው። አንድ ጥያቄ አምስት እንደዚህ ያሉ ሰርቪሶችን በተራ የሚጠራ ከሆነና የአንዱ መቆም ከሌላው ጋር ካልተያያዘ ግን ወደ 99.5 ይወርዳል። ያ በዓመት ወደ 44 ሰዓት ነው። ማንም ሳያጠፋ፣ በመደርደር ብቻ።

ሪትራይ (ያልተሳካን ጥሪ ደግሞ መሞከር) ደግሞ አለ። ስክሪኑ ሦስት ጊዜ ይሞክራል። ሂደቱ ሦስት ጊዜ ይሞክራል። ሰርቪሱም ሦስት ጊዜ። ሁሉም ቅን አስቦ ነው። ከታች ያለው የደከመ ሲስተም ግን ለአንድ ሰው ጠቅታ 27 ጥሪ ይደርሰዋል። ያኔ በቀላሉ ሊያገግም የነበረው ሲስተም ጭራሽ ይወድቃል። ሪትራይ አንድ ሌየር ላይ ብቻ ይሁን። ታይምአውትም (መልስ የሚጠበቅበት የጊዜ ገደብ) ወደ ላይ እየሰፋ ይሂድ። ነባሩ ሲስተም 2 ሰከንድ ከተሰጠውና አንድ ጊዜ ከተደገመ 4 ይሆናል፤ ስለዚህ ሂደቱ 5፣ ስክሪኑ 7 ይጠብቅ። ተገላቢጦሽ ከሆነ ላይኛው ተስፋ ቆርጦ ከሄደ በኋላ ታችኛው ማንም ለማይቀበለው መልስ ሲለፋ ያድራል።

ሦስተኛ፣ ጥሪው ገና ከላይ ሲገባ መለያ ቁጥር ይሰጠው። እስከ ታች በየሎጉ (ሲስተሙ የሠራውን በሚመዘግብበት ፋይል) ይጻፍ። ለዚህ ከእ.ኤ.አ. 2020 ጀምሮ የደብልዩስሪሲ (የዌብ ስታንዳርዶችን የሚያወጣው ድርጅት) ስታንዳርድ አለ፣ የራስሽን አትፍጠሪ። ያን ሌሊት እሱ ቢኖረን ኖሮ በአሥር ደቂቃ እናገኘው ነበር።

ቴብል_ጠባቂ

ሁላችሁም ስለ ጥሪ ነው የምታወሩት። የማዕዘን ችግር ግን ዳታ ነው። የተቆጣው ደንበኛ ሌየር ስለበዛ አልተቆጣም፣ አድራሻው አራት ቦታ ስላለ ነው።

አራቱ ሲስተሞች አንዱ የሌላውን ቴብል እስካነበበ ድረስ ከላይ የምትደረድሩት ሰርቪስ ሁሉ ቀለም መቀባት ነው። የኮለም ስም ስትቀይሩ ያላሰባችሁት ሲስተም ይሰበራል። ለእኔ የመጀመሪያው ደንብ አንድ ዳታ አንድ ባለቤት አለው የሚለው ነው። የሚጽፈው እሱ ብቻ። ሌላው ይጠይቀዋል፣ ወይም ቅጂ ይይዛል።

ግን እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ፣ እኔም ወድቄበታለሁ። "እንግዲያው ለመላው ድርጅት አንድ የደንበኛ ሞዴል እናውጣ" ይባላል። ኮሚቴ ተቀመጠ። ለሒሳብ ክፍል ደንበኛ ማለት ገንዘብ የሚከፍለው ነው። ለመጋዘን ዕቃውን የሚረከበው ነው። ለሽያጭ ደግሞ ገና ያልገዛ ሰውም ደንበኛ ነው። ሁሉንም ለማስደሰት ሞዴሉ እያበጠ ሄዶ ከመቶ በላይ ፊልድ ሆነ። አብዛኛው ባዶ ነው። ማንም ሙሉ በሙሉ አልተረዳውም። ኤሪክ ኤቫንስ እ.ኤ.አ. በ2003 ያስተዋወቀው ሐሳብ ነው ከዚያ ያወጣኝ። አንድ ቃል በየክፍሉ የተለያየ ትርጉም መያዙ ጥፋት የለውም። ድንበሩ ይታወቅ፣ ከድንበር ወደ ድንበር ሲሻገር ይተርጎም። የጋራ የሚሆነው ትንሹ ነገር ነው፤ የደንበኛው መለያ ቁጥር፣ ስም፣ አድራሻ። የክፍያ ጊዜ ገደቡን ሒሳብ ጋ ተዉት።

ማዕዘን

ቴብል_ጠባቂ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። "አንድ የደንበኛ ሞዴል" የሚለው የሰነዴ ሦስተኛ ገጽ ላይ ነበር። አሁን ሰረዝኩት።

ግን አንድ ነገር ያስጨንቀኛል። አሁን ትዕዛዝ ሲገባ ዕቃውን መቀነስና ክፍያ መመዝገብ በአንድ ትራንዛክሽን ነው። ሁሉም ይሆናል፣ ወይም ምንም አይሆንም። ዳታውን ከከፈልኩት ያን አጣለሁ። ዕቃው ተይዞ ክፍያው ሳይሳካ ቢቀርስ?

ቴብል_ጠባቂ

ታጪዋለሽ፣ እውነት ነው። ማንም ነጻ ነው ቢልሽ አትመኚ።

ሁለቱን ዳታቤዝ በአንድ ትራንዛክሽን ማሰር ይቻላል፣ ባለ ሁለት ደረጃ ኮሚት ይባላል። ግን አንዱ ሲዘገይ ሌላው መዝገብ ቆልፎ ይጠብቃል። አስተባባሪው መሃል ላይ ከሞተ ቁልፉ እንደተያዘ ይቀራል። ነባር ሲስተሞችሽ ምናልባት አይደግፉትም።

ሌላው መንገድ ሳጋ ነው። ሄክተር ጋርሲያ-ሞሊና እና ኬኔዝ ሳሌም እ.ኤ.አ. በ1987 ነው ያቀረቡት። ረጅሙን ሥራ ወደ ትንንሽ ትራንዛክሽኖች ትከፍያለሽ። ለእያንዳንዱ የሚያካክስ ተቃራኒ ሥራ ታዘጋጂለታለሽ። ዕቃ ተይዟል፣ ክፍያ አልተሳካም፣ ስለዚህ የተያዘውን ልቀቅ። ልብ በይ፣ መሃል ላይ ሰው ያልተጠናቀቀውን ሁኔታ ሊያየው ይችላል። ስለዚህ "በመጠባበቅ ላይ" የሚል ሁኔታ ትዕዛዙ ላይ በግልጽ ይኑር። አንዳንዱ ሥራ ደግሞ አይቀለበስም። የወጣ ዕቃን በኮድ መመለስ አይቻልም። እንደዚህ ያለውን መጨረሻ ላይ አድርጊው።

ያንን ቅደም ተከተል የሚመራው አካል የት ይቀመጥ ካልሽኝ፣ የሥራ ሂደት ሌየርሽ ውስጥ። ለእኔ ያ ሌየር መኖር የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

አድራሻ ሲቀየር ለሌሎቹ በመልእክት ስታሳውቂ ደግሞ መልእክቱን ከለውጡ ጋር በአንድ ትራንዛክሽን የራስሽ ዳታቤዝ ውስጥ ያለ ቴብል ላይ ጻፊው። ሌላ ፕሮሰስ አንስቶ ይላከው። አለዚያ ዳታው ተቀይሮ መልእክቱ የሚጠፋበት ቀን ይመጣል። አንዳንዴ ሁለት ጊዜ ይላካል፣ ስለዚህ ተቀባዩ በቁጥሩ ይለየው። የአድራሻው ቨርዥን ቁጥርም አብሮ ይሂድ፤ ዘግይቶ የደረሰ አሮጌ መልእክት አዲሱን እንዳይሽረው።

ድልድይ

መዝለል ይፈቀዳል ወይ ላልሽው፦ ማንበብና መለወጥን ለዪ። የዕቃ ብዛት ማየት ከስክሪን ቀጥታ ወደ መጋዘን ሰርቪስ ይሂድ፣ ሂደት የለውም። ከአንድ ሰርቪስ በላይ የሚነካ ለውጥ ግን በሂደት ሌየር ይለፍ። ከስክሪን ወደ ነባር ዳታቤዝ በምንም ምክንያት አይፈቀድ። "ለሪፖርት ብቻ ነው" ይሉሻል። አትስሚ።

ቁልፍ

እዚህ ጋ አልስማማም ጋሼ ድልድይ። የፈቃድ ማረጋገጫ ሂደት ሌየር ላይ የሚደረግበት ቤት ብዙ ነው። ስክሪኑ እሱን ዘሎ ሰርቪሱን ከጠራ ማን ያረጋግጣል? አንድ ጊዜ በዚህ ቀዳዳ የሌላ ቅርንጫፍ ዳታ ሲታይ አይቻለሁ።

ድልድይ

ስጋትህ ትክክል ነው። ግን ቀዳዳው የመጣው በመዝለሉ አይመስለኝም። ሰርቪሱ "ከላይ ያለው አረጋግጧል" ብሎ ስላመነ ነው። እያንዳንዱ ሰርቪስ ጠሪው ማን እንደሆነና ይህን ዳታ ማየት ይችል እንደሆነ ራሱ መጠየቅ አለበት። የጌትዌዩ ማረጋገጫ የውጭ በር ነው። የውስጥ በሮችም ቁልፍ ይኑራቸው።

ቁልፍ

እንደዚያ ከሆነ እስማማለሁ። ግን ማዕዘን፣ መዝለሉን ከመፍቀድሽ በፊት ያንን ሥሪ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አደጋ ነው።

ማዕዘን

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ስዕሉን ቀደድኩት።

አሁን ከላይ ስክሪኖች አሉ። ቀጥሎ የሥራ ሂደት፣ ከአንድ ሰርቪስ በላይ ለሚነካ ለውጥ ብቻ። ቀጥሎ አራት ሰርቪሶች፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ዳታ ባለቤት። ነባሮቹ ሲስተሞች ከሰርቪሶቹ ጀርባ ናቸው፣ መሃላቸው የቃላት ተርጓሚ ብቻ አለ። የነባሩ ሲስተም ኮድ ስሞች ከተርጓሚው ወዲህ አያልፉም።

ሁሉንም በአንዴ አልጀምርም። መጀመሪያ አድራሻን ብቻ። አዲሱ በአሮጌው ዙሪያ ቀስ እያለ አድጎ እንዲተካው።

የቀረኝ ጥያቄ ይህ ነው፣ ጋሼ ድልድይ እርስዎን ልጠይቅ። ሰርቪሱ ከወጣ በኋላ መቀየር ስፈልግ ጠሪዎቹን እንዴት ሳልሰብር እቀይራለሁ? ማንስ ይፍቀድ?

ድልድይ

ውሉን እንደ ተፈረመ ወረቀት እዪው። አዲስ ፊልድ መጨመር ይቻላል፣ ግን ግዴታ አይሁን። ጠሪዎችም የማያውቁትን ፊልድ ሲያዩ ዝም ብለው እንዲያልፉ ከመጀመሪያው አስማሚ። የነበረ ፊልድ ትርጉሙ አይቀየር። ስሙ ሳይቀየር ትርጉሙ የተቀየረ ፊልድ ከሁሉም የከፋ ነው፣ ምክንያቱም ምንም ሳይሰበር የተሳሳተ ቁጥር ያወጣል። መስበር የግድ ከሆነ አዲስ ቨርዥን አውጪ፣ አሮጌው የሚዘጋበትን ቀን ጽፈሽ ሁለቱን ጎን ለጎን አስኬጂ። ጠሪ ቡድኖች የሚጠብቁትን ነገር በቴስት ጽፈው ይስጡሽ። ኮድሽን ባወጣሽ ቁጥር ይሩጥ። ከየትኛውም የፈቃድ ኮሚቴ ይልቅ ያ ይጠብቅሻል።

ሰርቪሶችን ሁሉ የሚዘረዝር ትልቅ መዝገብ በመሥራት ብዙ አትድከሚ። ዩዲዲአይ የሚባል ትልቅ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2000 ተጀምሮ ነበር። አይቢኤም፣ ማይክሮሶፍት እና ሳፕ የሕዝብ መዝገባቸውን እ.ኤ.አ. በ2006 ዘጉት። አንቺ የሚያስፈልግሽ ለአንድ ሰርቪስ አንድ ገጽ ነው። ምን ይሠራል፣ ባለቤቱ የትኛው ቡድን ነው፣ ሌሊት ቢበላሽ ማን ይደወልለታል።

ባለቤት ስል የምሬን ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኮንዌይ እ.ኤ.አ. በ1968 እንደጻፈው ሲስተም የሠራውን ድርጅት የግንኙነት ቅርጽ ይይዛል። አራት ሰርቪስ ሥለሽ ለአንድ ቡድን ከሰጠሽው ቀስ በቀስ አንድ ይሆናል። ለሦስት ቡድን የተሰጠ አንድ ሰርቪስ ደግሞ ሦስት ቦታ ይቀደዳል። ኃላፊዎችሽ ጋ ሄደሽ መነጋገር ያለብሽ ስለዚህ ነው። ከስዕሉ ይልቅ ይህ ይከብድሻል።

ማዕዘን

ለሁላችሁም ዜና ይዤ መጣሁ። የአድራሻ ሰርቪሱ ሥራ ጀምሯል።

የሌሊት_ተረኛን ምክር ሰምቼ ከመጀመሪያው ቀን መለያ ቁጥሩ በየሎጉ አለ። የቁልፍንም እንዲሁ። ኃላፊዎቹን ለማሳመን ሁለት ስብሰባ ፈጀ፣ አሁን ሰርቪሱ በስሙ የሚጠራ ቡድን አለው።

ለሚከተሉኝ አንድ ነገር ላካፍል። የድሮውን ቴብል ከመዝጋታችን በፊት ማን እንደሚያነበው አንድ ሙሉ ወር ሎግ አደረግን። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት አንባቢ ብቻ ነበር የታየው። ያኔ ብንዘጋው ኖሮ አደጋ ነበር። በወሩ መጨረሻ ቀን አራተኛው ብቅ አለ፤ ከሒሳብ በኩል በወር አንዴ የሚሮጥ፣ ማንም የማያስታውሰው ስክሪፕት። የመጻፍ ፈቃዱን አንስተናል። የማንበቡን ደግሞ ያ ስክሪፕት ወደ ሰርቪሱ ሲዞር እንዘጋለን።

ያ ፕሮግራመር የመጋዘኑን ሰርቪስ እየጻፈ ነው። የዕቃ ብዛት ከስክሪን በአንድ ጥሪ ይመጣል። የፈቃድ ማረጋገጫውን ሰርቪሱ ውስጥ ራሱ ጽፎ ትናንት አሳየኝ።

ቴብል_ጠባቂ

ደስ ሲል! የሩብ ዓመትና የዓመት መዝጊያ ስክሪፕት ካለም ሎጉን አታጥፉት፣ እነሱ በአንድ ወር ውስጥ ላይታዩ ይችላሉ።

ማዕዘን

የዓመቱን አላሰብኩትም። ነገ ጠዋት ሒሳብ ክፍል ሄጄ እጠይቃለሁ።